በክሎቪስ ቤት ሜኑ ያነበብኩበት ዓርብ

ላሮዝ፣ ሉዊዚያና
እሑድ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1988

ለውድ ልጄ ለኤርሊን፣

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ? ትንሿስ? እኔ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ። ጀልባዋን ባለፈው ወር ከውኃ አውጥቼ ሆዷን ቀባኋት። የእናትሽ በለስ ዘንድሮ ቅጠሉን አብዝቷል፤ ፍሬውን እናያለን።

ይህን የእጅ ጽሑፍ አታውቂውም። የእኔ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። ከዓርብ ማታ ጀምሬ ስታገል ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። መስመሩ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እናትሽን በቀበርን በሳምንቱ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ አንድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ። ከመሳቢያው ያገኘሽውን የሐኪም ደብዳቤ ከፍተሽ ይዘሻል። «ፓፓ፣ ይሄ ደብዳቤ ታሽጎ እዚህ ምን ይሠራል? ለምርመራ እንድትመለስ እኮ ነው የጻፉላት» አልሽኝ። እኔም «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አልኩሽ። አንቺም ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥለሽ «እውነተኛውን ምክንያት እስክትነግረኝ አትፈልገኝ» ብለሽ ወጣሽ።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ማንበብ አልችልም ነበር።

ይችን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

በስድስት ዓመቴ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚፈቀድበት ትምህርት ቤት ስገባ ከፈረንሳይኛ በቀር አንድም ቃል አላውቅም ነበር። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ በፈረንሳይኛ ብጠይቅ ጥሬ በቆሎ ላይ አንበረከኩኝ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ደግመው አንበረከኩኝ። ሱሪዬን አርሼ ቤት ገባሁ። በሁለተኛው ዓመት አባቴ «በቃ፣ ሽሪምፕ ማጥመድ ፊደል አይጠይቅም» ብሎ ጀልባ ላይ አወጣኝ። እኔም ከእስር እንደተፈታ ሰው ደስ አለኝ።

ለእናትሽ የነገርኳት በተጋባን በሦስተኛው ቀን ነው። ምን አለችኝ መሰለሽ? «እኔ አነብ የለ እንዴ። አንድ ቤት ስንት አንባቢ ያስፈልገዋል?» ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። የጀልባውን ፈቃድ እሷ ታነባለች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ እሷ ታነባለች። አንቺ የትምህርት ውጤትሽን ስታመጪ እኔ ተቀብዬ አገላብጥና «ጎበዝ» የምልሽ ከእናትሽ ፊት ላይ አንብቤ ነበር።

ኋላ ስኳሩ ዓይኗን ጋረደው። ይህንንም አልነገርንሽም። ቅዳሜና እሑድ ከባተን ሩዥ ስትመጪ መነጽሯን አድርጋ፣ ጋዜጣ ዘርግታ ትጠብቅሽ ነበር፤ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ግን አታይም። ደብዳቤ ሲመጣ «ምን ይላል?» ትለኛለች። «የሱቅ ማስታወቂያ ነው» እላታለሁ። እንደማላውቅ ታውቃለች። አንድ ቀን «ኤቫሪስት፣ ለጎረቤት እናስነብበው» ብትለኝ «ሞቼ ነው» አልኳት። ስለዚህ ልጄ፣ ኩራቱ የእሷ አልነበረም። የእኔ ነው።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደተጋለጥኩ ልንገርሽ። ነገሩ የሆነው ክሎቪስ ምግብ ቤት ነው። አምና በጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ፣ መቼም በጾም ዓርብ ሥጋ የማይበላው ሁሉ እዚያ ስለሚጎርፍ ቤቱ እግር መጣያ አልነበረውም። እኔ እዚያ ቤት የምበላውን ታውቂያለሽ፤ «የተለመደውን» እላለሁ፣ የተጠበሰ አምባዛ ዓሣ ይመጣልኛል። ሌላ ቤት ከሆነ ደግሞ አጠገቤ ያለውን ሰው አይና «እሱ የሚበላውን» እላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

የዚያን ቀን ያስተናገደችኝ ኦዚት ናት። ረጅሟን፣ ባሏ ጀልባ ላይ የሞተባትን፣ ታስታውሻታለሽ። «አምባዛ የለም፤ ወንዙ ሞልቶ አላመጡልንም። ክሎቪስ አዲስ ሜኑ አሳትሟል፣ እስኪ ምረጥ» ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው። ዙሪያዬን ብመለከት አጠገቤ ያሉት ገና ውኃ ነው የሚጠጡት። ምን ላድርግ? መሐል ላይ ያለውን አንዱን መስመር በጣቴ ነካሁና «ይሄን» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየችውና «‹ለሠርግና ለልደት አዳራሽ እናከራያለን› ነው እኮ የሚለው። ማንን ልታገባ ነው?» አለች። የሰሙት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን እሳት ሆነ። ያን ጊዜ ኦዚት ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቋ እዚያው ደረቀ። ሜኑውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እሺ፣ የክሮውፊሽ ኤቱፌ። ጥሩ መርጠሃል» አለች።

መጣልኝ፤ ሩዙን፣ ከሸርጣን የሚያንሰውን ክሮውፊሽ፣ ወፍራሙን ወጥ፣ ሁሉንም ጨርሼ በላሁ። ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ስወጣ ተከትላኝ መጣች፣ ከባሕር የሚለቀም የኦይስተር ቅርፊት የተነጠፈበት መኪና ማቆሚያ ድረስ።

«ባሌም እንደዚሁ ነበር» አለችኝ። «ሃያ ዓመት ደበቀኝ። እኔ በሁለተኛው ዓመት አውቄ ነበር፤ እንዳላወቅሁ ሆኜ ኖርኩ። ያሳፈርኩት እንዳይመስለው ብዬ ነው። ዛሬ ይቆጨኛል። ሰኞ ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ና።»

«የሴት ወሬ አልፈልግም» ብያት መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። አራት ዓርብ ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ እንቁላል ቀቅዬ በላሁ። በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ሄድኩ። ኦዚት «የት ጠፋህ?» እንኳ አላለችኝም። ወንበር ሳበችና «ተቀመጥ፣ ዘገየህ» አለችኝ።

መማሪያችን ያው የሜኑው የመጀመሪያ ገጽ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኳት ቃል የሾርባችን ስም «ጋምቦ» ናት፤ አጭር ናት፣ ለሰው ታዝናለች። «ኦይስተር» ግን ሁለት ሳምንት አሠቃየችኝ። እንግሊዝኛ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ፤ ይህን ያወጣ ሰው ጀልባ ላይ ሠርቶ አያውቅም። በጣም የገረመኝ ግን ፈረንሳይኛው ነው። «ኤቱፌ» የሚለውን ፊደል በፊደል ስለቅም ቆይቼ ድንገት በእናቴ ድምፅ ሰማሁት። በልጅነቴ የተንበረከክሁበት ቋንቋ ወረቀት ላይ በክብር ታትሞ፣ ሰው ከኒው ኦርሊንስ ድረስ መኪና ነድቶ እየመጣ ያዘዋል። ለኦዚት ብነግራት «ታዲያ በቆሎውን ትተን በሩዝ ነው የምናቀርበው» አለች።

ከሄድሽ ወዲህ የላክሽልኝን ሦስት ደብዳቤዎች ሳልከፍት በላስቲክ አስሬ አስቀምጬ ነበር። በሁለተኛው ወር ይዤላት ሄጄ «አንብቢልኝ» አልኳት። አየቻቸውና መልሳ ወደ እኔ ገፋቻቸው። «የልጅህን ደብዳቤ እኔ አላነብልህም። ያንተ ነው፤ ትደርስበታለህ።» የዚያን ቀን ጠላኋት ብልሽ አልዋሽሽም።

የደረስኩበት ዲሴምበር ላይ ነው። ጀልባዋ ላይ ወጥቼ፣ የበረዶ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ያንኑ ጥያቄሽን ይዟል። ሁለተኛው ሴት ልጅ እንደወለድሽና ስሟን በእናትሽ ስም ኦክታቪ እንዳልሻት ይናገራል። «ኦክታቪ» የሚለውን እንደ ሌላው ቃል አልቆጠርኩትም፤ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ መልኩን ስለማውቀው ገና ሳየው አወቅሁት። አያት ከሆንኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር አልፎኝ ኖሯል፤ እኔ ግን አያት የሆንኩት የዚያን ቀን ነው። ሦስተኛው «ከእንግዲህ አልጽፍልህም» ይላል። አጭር ነበር። አልፈርድብሽም።

ለምን ያኔውኑ አልጻፍክም ትዪኝ ይሆናል። ቀድሜ የምጨርሰው አንድ ነገር ነበረኝ። ጃንዋሪ ላይ ያን የሐኪም ደብዳቤ ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና እዚያው ፊቱ አነበብኩለት። ከዚያ «ያን ቀን ብትመጣ ኖሮ ትድን ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። መዝገቧን አስመጥቶ አገላበጠ። «የተጠራችው ለእግሯ ቁስል ነበር፤ የሞተችው በልቧ ነው። ብትመጣም ልቧን አናየውም ነበር» አለኝ። ሽማግሌ አሳዝኖት የሚያጽናናኝ መሰለኝ። እሱም ገባውና መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ሐኪም እጅ ጽሑፉ ክፉ ነው፤ ግን «እግር» የሚለውን አነበብኩ። በራሴ ዓይን አነበብኩት፣ ኤርሊን። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የዚያን ቀን ተነሣልኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ደብዳቤው ስለ ልቧ ቢሆንም ኖሮ ያው መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ይህን አውቀዋለሁ፤ አንቺም እንደማውቀው እወቂልኝ።

ዓርብ ዕለት ታዲያ ክሎቪስ ቤት በምሳ ሰዓት ገባሁ። ሜኑ ራሴ ጠየቅሁ። ኦዚት ሰጥታኝ ሄደች። ከላይ ጀመርኩ፤ ሾርባውን፣ ጥብሱን፣ ቅቅሉን፣ ዋጋውን፣ የስልክ ቁጥሩን ሳይቀር። ሰው ቦታ እየጠበቀ ተሰልፏል። ክሎቪስ ሽርጡን እንዳገለደመ ከወጥ ቤት ወጣና «አጎቴ ኤቫሪስት፣ ሜኑ እኮ ነው የሰጠንህ፣ ወንጌል አይደለም። አምባዛህን ልጥበስልህ?» አለ።

«ተወው፣ ይጨርስ» አለችው ኦዚት።

ሁለተኛው ገጽ ታች ላይ ደረስኩ። ቅርፊቱን የጣለ ለስላሳ ሸርጣን ይጠብሳሉ፤ ሠላሳ ዓመት እዚያ ስበላ አላውቅም ነበር። በየዓመቱ በእጄ እያወጣሁ ለነጋዴ የምሸጠው ሸርጣን። «ይሄን አምጣልኝ» አልኩት። «አምባዛ አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበላኸውን? ታዲያ ለምን ታዘው ነበር?»

«ማንበብ ስለማልችል» አልኩት። «ሌላ ምን እንዳላችሁ አላውቅም ነበር። አሁን ተምሬያለሁ።»

ክሎቪስ እንደምታውቂው ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ያን ዕለት አለቀበት። እጁን በሽርጡ ጠረገና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ወደ ምድጃው ተመለሰ። ሁለት ሸርጣን ነው ያመጣልኝ። እግሩን ከነጥፍሩ ኮረሸምኩት። ይጣፍጣል ልጄ፤ ውስጡ ቅቤ ነው።

ግማሹን ሳልደርስ በቀኜ ካለው ጠረጴዛ አንድ ከእኔ የሚያረጅ ዓሣ አጥማጅ፣ ብቻውን የነበረ፣ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ሜኑውን በጠረጴዛው ላይ አንሸራቶ አጠገቤ አደረሰውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስኪ ጋምቦ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። አሳየሁት። ጣቱን ቃሏ ላይ አኑሮ ምግቡ እስኪመጣለት አላነሣም። ሰኞ ይመጣል፤ ለኦዚት ነግሬያታለሁ።

ኦዚት ይህን ደብዳቤ «ላርምልህ» ብላ ነበር፤ አልሰጠኋትም። ስሕተቱም የእኔ ይሁን። ደግሞ በየሰኞው «ለትምህርት ሸሚዝ ነው የምትለብሰው» ብላ ሰማያዊውን እንድለብስ ታስገድደኛለች፤ እለብሳለሁ። ሰላም ብላሻለች።

አድራሻሽ ከሦስተኛው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ያለው ነው። ቤት ለውጠሽ ከሆነ ይህ ተመልሶ ይመጣልኛል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም፤ የጥያቄሽን መልስ በጽሑፍ እንድታገኚው ፈልጌ ነው።

ያች የሁላችን እናት ማርያም ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ ባልሽን ከሥራ በሰላም ታስገባልሽ። ትንሿ ኦክታቪ ፊደልን ሳትንበረከክ ትማር። አንቺም ልጄ፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን።

አባትሽ
ኤቫሪስት

አንድ ነገር ረስቼ። ክሎቪስ ለሕፃናት የሚሆኑ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ገዝቷል፤ ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ አላቸው፣ ልጅ አይወድቅባቸውም፣ እኔ ራሴ ነቅንቄ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው ዓርብ ዓርብ ባዶውን ነው የሚውለው። እንዲያው ወሬውን ልንገርሽ ብዬ ነው።