ለትምህርቴ ዋስ ስለ ሆነው የሲናና መሬት

ለክቡር ግራዝማች ተሰማ፣
የከፍተኛ ትምህርት ዕጩዎች መምረጫ ጽሕፈት ቤት ሹም፣
ጎባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ። የጎባ ብርድ ለጉልበትዎ እንዳልተስማማዎ ሰምቼ እጅግ አዝኜ ነበር፤ ነገር ግን በቅርቡ ሞቃት ቤትና ደኅና ሐኪም ወዳለበት ባሕር ማዶ እንደሚሄዱ ከተማው ሁሉ ስለሚያወራ ኀዘኔ ወደ ደስታ ተለውጧል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንደ ወትሮዬ በስምንተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ እውላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ ሲገባኝ በማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመድፈር አይደለም። አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ማሸጊያው አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ነው።

አምና ክረምቱ ሳይገባ የጠቅላይ ግዛቱን መምህራን በአዳራሽ ሰብስበው ያደረጉልንን ንግግር ዛሬም አልረሳሁትም። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ፣ በኮሌጅም ሆነ በመምህራን ማሠልጠኛ፣ ለማስተማር የሚሻ ሰው በመጀመሪያው ዲግሪ ረክቶ መቀመጥ እንደሌለበት፣ ባሕር ማዶ ሄዶ ማስተርስ የሚባለውን ሁለተኛውን ዲግሪ ማምጣት እንደሚገባው አስረዱን። መንገዱም አራት ነው አሉን፤ የምክር አገልግሎት፣ የጎልማሶች ትምህርት፣ የትምህርት አስተዳደርና የመምህራን ሥልጠና። እኔ የመጨረሻውን መረጥኩ። ለባሌ ልጆች መምህር ከሩቅ እየተለመነ፣ የመጣውም ብርዱን አይቶ በዓመቱ ዝውውር እየጠየቀ እስከ መቼ ይኖራል ብዬ፣ ተምሬ ስመለስ የአገሩን ልጆች እዚሁ ለመምህርነት ላሠለጥን ነበር አሳቤ። የመምረጫውን ፈተና አለፍኩ፤ የባሕር ማዶው ትምህርት ወንበርም በስሜ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከተማውም እንዲያውቀው በተራ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ። እግረ መንገዴንም፣ ባሕር ሳልሻገር አራቱንም ትምህርቶች በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ምክር አገልግሎት።

ተማሪው በሄደበት ቢቀር መንግሥት እንዳይጎዳ መሬት ያለው ዋስ ማቅረብ ግዴታ ነው ብለው መከሩኝ። ምክርዎን ተቀብዬ በመጀመሪያ ወደ ዘመዶቼ ሄድኩ። አያቶቻችን ከሰሜን መጥተው በዚህ ደጋ መሬት የያዙ ስለሆኑ፣ ለዋስትና የሚበቃ መሬት በዘመዶቼ ዘንድ ሞልቶ ተርፏል፤ ያነሰው ሌላ ነገር ነው። አጎቴ፣ ሴት ልጅ ባሕር ከተሻገረች ፈረንጅ አግብታ ትቀራለች አለኝ። የክርስትና አባቴ ደግሞ መሬቱ የልጆቻቸው መሆኑን፣ ልጆቻቸውም ገና ሕፃናት በመሆናቸው በእነሱ ፈንታ ለመፈረም ኅሊናቸው እንደማይፈቅድ ነገሩኝ፤ ከሕፃናቱ አንዱ ባለፈው ጥምቀት ሦስተኛ ልጁን አስጠምቋል።

ዋስ የሆኑኝ ከሲናና የመጡት ገበሬ ኦቦ ኡመር ጉተማ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ሁለቱ ልጆቻቸው መሀመድአወልና ዘይነዲን ጢም ካወጡ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ፊደል አስቆጥሬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደረስኳቸው እኔ ስለ ሆንኩ፣ ወሬውን ከእነሱ ሰምተው በእግራቸው ጎባ ድረስ መጡ። «ኢንተላ ኮ» ብለው ጠሩኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ቢርበውም አይበላውም፣ መምህር የምታወጣ መምህርም ዘር ናትና ትሂድ አሉ። ይህንኑ በጽሕፈት ቤትዎ በእርስዎ ፊት ደግመው ሲናገሩ እርስዎ ፈገግ ብለው ነበር። እኔም ፈገግታዎን ለበጎ ተርጉሜው ነበር።

፪ኛ. ስለ ጎልማሶች ትምህርት።

ኦቦ ኡመር እንደ መንደራቸው ሰው ሁሉ ግብር የሚከፍሉት በግምት ነው። እርስዎ ግን ለዋስትና የሚቀርብ መሬት በቃላድ ተለክቶ ስፋቱ መታወቅ አለበት አሉ። ክቡር ሆይ፣ ቃላድ የሚባለው የመሬት መለኪያ ገመድ በሲናናና በገሰራ እንዴት እንደሚፈራ ለእርስዎ መንገር ለቄስ ዳዊት እንደ ማስተማር ይሆንብኛል። ቃላድ የተጣለበት መሬት ሁልጊዜ ተርፎ ይገኛል፤ የተረፈው ይወሰዳል፤ የተወሰደበትም ሰው በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ለካዮች ሲመጡ ሴቱ በጩኸት፣ ወንዱ በዱላ ነው የሚቀበላቸው።

ኦቦ ኡመር ብቻ በራቸውን ከፈቱላቸው። ጎረቤቶቻቸው የመንደሩን ሽማግሌ ዳቢሴን ልከው ቢለምኗቸው፣ ይህ ሌላ ቃላድ ነው፣ ይህ የልጅቷ ትምህርት ነው ብለው መለሱ። እንዲህ ብሎ የነገራቸው ማን እንደ ሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ለለካዮቹ ሙክት አረዱ። የዚያን ዕለት ጉሙ ወርዶ ለካዩ የገመዱን ጫፍ ማየት ስላቃተው፣ ኦቦ ኡመር ራሳቸው ጫፉን ይዘው በገብሳቸው መካከል እየተራመዱ መሬታቸውን አስለኩ። መንደርተኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር ይባላል። በእርጅና ዘመናቸው ገመድ ምን እንደ ሆነ በአንድ ቀን ተማሩ፤ ጎልማሳን በዚህ ፍጥነት ያስተማረ ሰው በሌላ አገር ያለ ስለማይመስለኝ ለዘዴዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፫ኛ. ስለ ትምህርት አስተዳደር።

በዚህኛው እርስዎን የሚወዳደር የለም። ለካዮቹ የሙክቱ ስብ ከእጃቸው ሳይደርቅ፣ መሬቱ ግብር ከሚከፈልበት ይበልጣል ብለው ወንዙን ተከትሎ ያለውን ለም እርሻ፣ ቤቱ የቆመበትንም ሳይቀር፣ ትርፍ አሉት። ትርፉ የመንግሥት ሆነ። ለኦቦ ኡመር የቀረላቸው ድንጋያማው ተረተር ነው፤ እሱም ጠፍ መሬት ተብሎ ስለ ተመዘገበ ለዋስትና አይበቃም ተባለ። ዋሴ ሲወድቅ እኔም ወደቅኩ። ወንበሩ ግን ባዶውን ቢቀር ለአገር ጉዳት ነውና፣ እርስዎ ለአገር ከማሰብዎ የተነሣ ራስዎ ሊቀመጡበት ተስማሙ። የመረጡትም ትምህርት የትምህርት አስተዳደር መሆኑን ሰምቼ፣ አዋቂ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደገና ሊማር መውደዱ አስደነቀኝ።

ለእርስዎም ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ የባለቤትዎ ወንድም አቶ ገብረ ሚካኤል ዋስ ሆኑ። ዋስ ለመሆን መሬት ያስፈልጋል፤ አቶ ገብረ ሚካኤልም በደግ ጊዜ ከመንግሥት አዲስ መሬት ተሰጣቸው። መሬቱ በሲናና የሚገኝ፣ ወንዙን ተከትሎ ያለ ለም እርሻ ነው።

ለእኔ ዋስ መሆን ያቃተው መሬት ለእርስዎ ዋስ ሊሆን በቃ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት አባቶቻችን ሹምን ለመንቀፍ የተረቱት ይመስለኝ ነበር፤ ለምክር ብሎ የሚቀበለው ሰው እንዳለ ያወቅኩት በእርስዎ ነው። ዕድሌን ስለ ቀሙኝ መናደዴን አልደብቅዎትም፤ ለብዙ ቀን እህል አልቀመስኩም። አሁን ግን ቁጣው አልፎልኝ በቦታው ፍርሃት ገብቷል።

፬ኛ. ስለ መምህራን ሥልጠና።

ይህን ትምህርት ለባሌ አመጣለሁ ብዬ ስደክም ሌላ ቀድሞኝ ጀምሮታል። መሀመድአወልና ዘይነዲን ትምህርታቸውን ትተዋል። ሰው ወደ ቆላ ወርደዋል ይላል፤ ምን ሊሠሩ እንደ ወረዱ ግን የሚጠይቅም የሚናገርም የለም። ከሲናና የሚመጡት ሌሎቹም ተማሪዎቼ አንድ በአንድ እየቀሩ ነው፤ የቀሩትም ስጠራቸው አቤት ይላሉ እንጂ እንደ ድሮው ጥያቄ አይጠይቁኝም። ባለፈው የገበያ ቀን ሮቤ ወርጄ ነበር። በዚህ የእርሻ ወራት ገበሬው የእርሻ በሬውን እየሸጠ ፈረስ ሲገዛ አየሁ። ማረሻ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጩን ቢለምነው ጊዜ የለኝም ብሎ መለሰው፤ ከወናፉ አጠገብ የተደረደረው ትኩስ ብረት ግን ማረሻ አልነበረም። ዱሮ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው የእኔን ደኅንነት፣ የቤተሰቤን፣ የከብቱን፣ የዝናቡንም ሳይጠይቅ አያሳልፈኝም ነበር። አሁን ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያልፋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ይህ ነው። በዚህ አገር የተጣላ የሚታረቀው በዋስ ነው፤ የታሰረ የሚፈታው በዋስ ነው፤ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ጦራቸውን የሚያስቀምጡት በመካከላቸው ዋስ ሲቆም ነው። ኦቦ ኡመር ለዋስነታቸው ምን እንደ ተከፈላቸው ከተሰማ ወዲህ፣ በጎባም ሆነ በሮቤ ለሰው ዋስ የሚሆን ጠፍቷል። በትንሽ ጠብ የተያዙ ሰዎች ዋስ አጥተው እስር ቤት ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲጠራ ራሱን አሞኛል ይላል። የሚፈርም ሰው ገመድ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ የሚያስታርቅ ሲታጣ ደግሞ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ እርስዎም እኔም የዚህ አገር ሰዎች ነንና እናውቀዋለን። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላስፈራራዎ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ፤ ሊያስፈራሩዎ የሚችሉት ሰዎች ደብዳቤ አይጽፉም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ወንበሩን ይውሰዱት፤ እኔ እዚሁ ጎባ ከጥቁር ሰሌዳዬ ጋር እቀራለሁ። መሬቱን ግን ከመሄድዎ በፊት ለባለቤቱ ይመልሱ። ባለፈው እሑድ ኦቦ ኡመርን ከተረተሩ ሥር ካቆሙት ጎጆ ሄጄ አየኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አስቆሙኝ። ዋስትናዬን አላነሣሁም አሉኝ፤ ቃሌን ለአንቺ እንጂ ለወረቀቱ አልሰጠሁም፣ መንገድ ባገኘሽ ቀን ሂጂ አሉኝ። በፊታቸው አለቀስኩ። ልጆቹስ እንዴት ናቸው ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ቆላው አቅጣጫ አዩ። ከዚያም ለአንቺ ዋስ ነኝ፣ ለልጆቼ ግን ዋስ ልሆን አልችልም አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል እንደ ሰማሁት ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ። ከአዋቂነትዎ የተነሣ ትርጓሜው ይጠፋዎታል ብዬ አልጠራጠርም።

ስለ አራቱ ትምህርቶች ያለብኝን ምስጋና በሕይወት ዘመኔ ከፍዬ እንደማልጨርሰው እያመንኩ፣ በሚሄዱበት ሁሉ የባሌ ሕዝብ አሳብ እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ቆሜ ያለ ዲግሪ የተመረቅኩ ታዛዥ ተማሪዎ መሆኔን በፍጹም አክብሮት እገልጻለሁ።

ሠርከአዲስ ዘሪሁን፣
መምህርት፣
ጎባ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስነሣ የሰማሁትን ደብቄ ማለፍ ነውር መስሎ ታየኝ። አዲሱን መሬታቸውን ሊጎበኙ በበቅሎ ወደ ሲናና የሄዱት አቶ ገብረ ሚካኤል ትናንት በእግራቸው ተመልሰዋል። በአካላቸው ላይ አንድም ጉዳት የለም፤ ማን እንዳገኛቸውና ምን እንዳላቸው ግን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ከቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደው ለእርስዎ የሰጡትን ዋስትና እንዳነሡ ዘበኛዎ ለከተማው ሁሉ ነግሯል። ስለዚህ የመሄጃዎ ቀን ሳይደርስ ሌላ ዋስ መፈለግ ይኖርብዎታል። እኔም ለእርስዎ አዝኜ በጎባም በሮቤም ሰው ጠይቄ ነበር፤ የሚፈርም አልተገኘም። ሳይጠሩ መጥተው ለሰው ዋስ የሚሆኑ አንድ ሽማግሌ በአገራችን ነበሩ፤ የእሳቸው መሬት ግን ለዋስትና እንደማይበቃ ራስዎ ፈርመውበታል።