ብሎጌን ያነበቡት እናትሽ

ስንቄ፣
ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙዪው።

ብሎጌ ላይ ሪያድ ሰፈር መዳምሽ ቤት ድመት ስታጥቢ መቧጨርሽን የጻፍኩት እዚህ ስደት ላይ ዴም ሰፈር ያሉት ያገራችን ልጆች እንዲስቁ ብዬ ነው። ቢሮ እንደምትሠሪ የነገርሻቸው እናትሽ ደሴ ሆነው ሊያነቡት እንደሚችሉ አላሰብኩም። ለሁሉም አንባቢ የሚሆን ነገር መጻፍ አቅቶኛል። ካኮረፍሽኝ ይኸው ሦስተኛ ቀንሽ፤ ይቅርታ ማለት ደግሞ ፊት ለፊት አይሆንልኝም።

ዛሬ አንቺ ሥራ እንደሄድሽ እናትሽ ደወሉልኝ። «ፈጥሬ ነው የጻፍኩት» ብዬ ልክድ ስል ሳቁብኝ።

«ቢሮ እንደሌላት ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እንዳላሳፍራት ብዬ ዝም አልኩ። ጽሑፍሽንማ ኮርቼባት ለጎረቤት ሁሉ አስነበብኩት» አሉኝ።

ቡሪ ሰፈር ሄጃለሁ። ሳትጠብቂኝ ደውዪላቸው፤ እውነቱን ካንቺ አፍ መስማት ይፈልጋሉ።

ወሰንየለሽ