የላንድክሩዘሯ መተንፈሻ ቱቦ

ደሳለ፣

ወደ ወገል ጤና የሚሄደው አይሱዙ ቀድሞ ስለመጣ ሳልሰናበትህ ሄድኩ። ከእንግዲህ መኪናዋን የምትይዘው አንተ ብቻ ነህ።

የኋላ ዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ ትናንት ቀይሬዋለሁ። አንተ በሽቦ ጠፍረህ ስላሰርከው አየር አላሳልፍ ብሎ ነበር፤ ዘይቱ በጎማው በኩል የወጣው ለዚያ ነው። አሁን በሻንሲው ላይ አስኬጄ ኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጌ በጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ አስሬዋለሁ። ጫፉን ወደ ታች ያጠፍኩት ውሃ እንዳይገባበት ሆን ብዬ ነው፤ አታቃናው። ታች ላላ ያለውንም አታጥብቀው፤ መኪናዋ ስትዘል ይበጠሳል። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ነክቶ እንዳይቀልጥ ብቻ ተጠንቀቅ።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስትሄድ ወንዙ ከሞላ መጀመሪያ ወርደህ ቱቦው አለመውለቁን እይ። ከወለቀ ዲፈረንሻሉ ውሃ ይስባል።

ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ሰው ፊት ያልኩህን
ተወው።

የቤቱ ቁልፍ ጎረቤታችን እትዬ ውባንቺ ጋ ነው። ቢቸግርህ በቴሌ አስጠራኝ።

ሽሮው ትናንት ማታ እንደተከደነ መሶቡ አጠገብ አለ። ስትመጣ አብረን እንበላለን ብዬ አልነካሁትም።

ሙሉሃብት