በስልክ ገመድ የሄደ ዝናብ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሰኔ 17 ቀን 1993 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ጃቢር፣

የአላህ ሰላም ያለህበት ሩቅ አገር ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ይህ ደብዳቤ ሆላንድ ሲገባ የዝናቡ ልኬት ፋይል ከደረሰህ ሰንብቶ ይሆናል። ቢሆንም እንዴት እንደሄደ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ስልኩ አሁንም እናትህ ባሠሩት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንገታቸው ላይ። ኮምፒውተርህን ሳጥኑ አጠገብ አኑሬ ቁልፉን ለመንኳቸው። ትምህርት ቤትህ የኮሶዬን የዝናብ ልኬት እስከ ዐርብ ሰርቨሩ ላይ ካላገኘ ጥናትህ እንደሚቀር፣ የአራት ዓመቱም ሥራ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። ይህን ልደብቃቸው እችል ነበር።

«ካልደረሰስ ልጄ ይመጣል?» አሉኝ።

ይመጣል አልኳቸው።

«ከደረሰስ?»

የኮምፒውተሩን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። እሳቸውም ለሶላት ተነሡ። በማግስቱ ጧት መጥተው ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር የሚያገናኘው ሞደም መጮህ ሲጀምር ደነገጡ። «ምነው፣ እዚያ ውስጥ የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አሉ። የይለፍ ቃልህን አስገባሁ፤ ሰርቨሩ ተቀበለኝ። ስምህ የተጻፈበት ማኅደር ተከፈተ። ትንሽ ጊዜ ምንም ሳልነካ አየሁት። ከዚያ ዝናቡን የሚለካልህ አያ ማሩ ከኮሶዬ የላከውን የግንቦት ልኬት ጨምሬ ፋይሉን ለቀቅሁት። ግማሽ ሳይደርስ መስመሩ ተቆረጠ። እንደገና ከመጀመሪያው። ተቆረጠ። ውጭ ይዘንባል። ዝናብን እንዳልልክ ዝናብ ከለከለኝ ብዬ ሳቅሁ፤ ሐሙስ ላይ ግን ሳቁም አልመጣ አለኝ።

እናትህ መስገጃቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ምነው ሁሉን ባንዴ ትጭኛለሽ፣ ያስሚን?» አሉኝ። «እኔ ወደ አይከል ገበያ ጨርቄን በአንድ ማኪና ልኬ አውቃለሁ?»

በርግጥ ልከው አያውቁም። አንዱ መኪና ጭልጋ መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው ይገባል። ፋይሉን ቆራረጥኩት፤ ለየቁራጩ ቁጥር ሰጠሁት። መስመሩ ሲቆረጥ የጠፋውን ብቻ መልሼ እልካለሁ። ሊሆን ነው አልኩ። ባይሆንም አልተውም ነበር።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ መርዋ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ጅዳ ያለው ልጇ የሚደውልላትን ስልክ ልትጠብቅ መጣች። እናትህ በር ላይ ቆመው መለሷት። «ዛሬ ስልኩ የኔን ልጅ ይዞታል» አሏት። መርዋ አንገቷን አስግጋ ኮምፒውተሩን አየችና፣ ታዲያ ይብላ ይጠጣ እንጂ ምን ያስጮኸዋል ብላ እየሳቀች ሄደች።

እናትህ አልሳቁም። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄንስ እንዲህ ቆራርጠው ሊልኩልን አይችሉም? እኛ እንገጥመው ነበር።»

አንድ ቁራጭ ቀርቶ ነበር። እጄ ቆመ። እናትህ ቁልፉን በጣታቸው እያሻሹ ስክሪኑን አዩ።

«ላኪው» አሉ።

ላክሁት። ገባ። ማኅደርህ ውስጥ ሁሉም በተራ ቁጥሩ ተደርድሮ አየሁና መስመሩን በራሴ እጅ ዘጋሁ።

ካፖርትህን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ አራግፌው ነበር፤ መልሼ ሰቅየዋለሁ። ብል እንዳይበላው ነው፣ ሌላ አይደለም። አንተ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ። እዚህ ያለውን እኔ እይዘዋለሁ።

አላህ እጅህን ያበርታልህ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። እናትህ ዱዓቸው አይለይህም።

ያንተው
ያስሚን

እናትህ የስልኩን ሳጥን ከዐርብ ወዲህ አልቆለፉትም። ጎረቤቱ ሁሉ ይደውልበታል፤ ምንም አይሉም። ስልኩ ሲጮህ ግን ከሁላችን ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው። በፈለግኸው ሰዓት ደውል።