የክፍላችን በሽተኛ

ለሱንዱስ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም መሪ ስትይዝ ያምሃል? ባለቤትህና ትንሹ ልጅህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የእንጦጦ ብርድ ዘንድሮ ካራ ድረስ ወርዶ ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው። ከብርዱ በቀር ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ተውኩት።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ብደውልልህ ሁለት ቃል ሳልናገር እየነዳሁ ነው ትለኛለህ። ባትለኝም ድምፄን አላምነውም። ስለዚህ መገናኛ ሄጄ የድሮ ጓደኛህን አብራርን ለመንኩት፤ አዳማ ሲገባ በእጅህ ይሰጥሃል። እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ።

ኮሌጅ መግባቴን ስትሰማ እንዴት እንደሳቅህ ሱንዱስ ነግራኛለች። በአርባ ዓመቷ ቦርሳ አነገተች አልክ አሉ። አልገረመኝም። አብረን ሳለንም የሕክምና ረዳትነት ልማር ስልህ፣ የኔ ሚስት የባዕድ ሰው ገላ አትነካም ብለህ ዘጋኸው። እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተነካሁት እኔ ነኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ። ኮሌጃችን መሪ ሰፈር ነው፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ። መለማመጃ የሚሆነን አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ብቻ አለን፤ እሱም ክንዱ ወልቋል፣ ሆዱ ተሰንጥቋል። ስለዚህ መምህራችን ሲስተር ፈትለወርቅ ከእናንተ አንዱ አልጋው ላይ ይውጣ ትላለች። ልጆቹ ገና ሃያ እንኳ ያልሞላቸው ናቸው፤ በአንድ አፍ ማዘር ትውጣ ይላሉ። ማዘር እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ለበሽተኛነት ይስማማል ተባለ። ግፊት ሲለካ እኔ፣ ቁስል ሲታሸግ እኔ፣ ሽባ ሰው ሲገላበጥ እኔ። ተኝቼ በመስኮቱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እያየሁ ማቃሰት ሁሉ ተማርኩ። አንድ ቀንማ ምጥ የያዛት ሴት ሁኚ ብለውኝ ስጮህ፣ ቀለም ሻጩ ደንግጦ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ካንተ ቤት ከወጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሲስተር ሌላም ነገር አስተምራናለች። ሐኪም ደግ ወሬ ሲኖረው ቆሞም፣ እየሄደም ይናገረዋል አለችን። ክፉውን ግን ተቀምጦ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ወንበር ይሳባል፣ ከሁሉ በፊት በሽተኛው ከማን ጋር እንደመጣ ይጠየቃል። ይህንንም በእኔ ተለማመዱ። ፊራኦል የሚባለው ቀልደኛ ልጃችን ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ስቶት መሬት ላይ ዘጭ አለ፤ ትምህርቱ በሳቅ ተበተነ።

ከረመዳን በኋላ ሆድ መዳሰስ መጣ። ወንዶቹ ወጡ፣ መጋረጃ ተጋረደልኝ። ሲስተር ጉበት የቱ ጋ እንደሆነ ካሳየቻቸው በኋላ፣ ጣፊያን ግን አትፈልጉ፣ ጤነኛ ሰው ላይ በእጅ አይገኝም አለቻቸው። መቅደላዊት የምትባል ፈተና የማይቀናት ምስኪን ልጅ አለችን። እሷ አገኘሁት አለች። ሁሉም ሳቀባት፤ እኔም ተኝቼ ሳቅሁባት። ሲስተር የያዝሽው የጎድን አጥንት ነው አለቻት። ከዚያ አጠገቧ ያለችው ዳሰሰችኝ፤ እሷም አገኘችው። ቀጥሎ ያለችውም። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ተራ ይጋፋሉ። በመጨረሻ ሲስተር ራሷ መጥታ እጇን አሳረፈች፤ ቶሎ አላነሳችውም። ከዚያ ልብሴን በቀስታ ሸፈነችልኝና ለዛሬ ይበቃል አለች።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል የላከችኝ እሷ ናት። ደም ወሰዱ፤ በኋላም ከዳሌ አጥንቴ ውስጥ መቅኒ ቀዱ። ባለፈው ሳምንት ውጤቱን ልሰማ ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ የጨዋ ልጅ። በሩን ዘጋ። ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ተቀመጠ። ከማን ጋር እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙውን አልሰማሁትም፤ መስማትም አላስፈለገኝም።

ኮሌጅ እስካሁን አልቀረሁም። ግን አልጋው ላይ ውጪ የሚለኝ የለም። አሁን የሚተኛው ፊራኦል ነው፤ ማቃሰት አይችልበትም። መቅደላዊት ዓይኔን ትሸሻለች፤ በሽታውን በእጇ ያመጣችው ይመስላታል። ጎበዝ ነሽ፣ ከሁሉም ቀድመሽ ያገኘሽው አንቺ ነሽ ብላት አለቀሰች። ለምረቃ የሚለበሰውን ነጭ ጋውን ተለክተናል፤ የኔን ሰፊዋ ሁለቴ አጠበበችው። ምረቃው ከመስቀል በኋላ ነው። ሱንዱስ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እንድታጨበጭብልኝ ነበር ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት። አሁን ስለዚያ ቀን ማሰብ ትቻለሁ። እፈራለሁ። ለራሴ አልፈራም ብልህ ውሸት ነው፤ ከራሴ በላይ ግን ለእሷ እፈራለሁ።

ሱንዱስ ምንም አታውቅም። ትምህርት ሲዘጋ ለክረምት አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ ብያታለሁ። ከቦርሳዋ ሥር ግን የትምህርት ቤት መሸኛዋን ታገኛለህ። ማታ መብራት ካልበራ አትተኛም፤ በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ብለህ እንዳታሳፍራት። ስትናደድ አትጮህም፣ ሳህን ታጥባለች። የታጠበ ሳህን ደግማ ስታጥብ ካየሃት ምንም ሳትናገር አጠገቧ ቁም። ባለቤትህን በእኔ ስም ለምናት። በእኔ ላይ የያዘችው ካለ አፉ ትበለኝ፣ እኔም አፉ ብያታለሁ። አንተንም አፉ ብዬሃለሁ፤ ካንተ ቤት ያስወጣኝን ያንን የመጨረሻውን ነገር እንኳ።

ጊዜው ሲደርስ የምትነግራት አንተ ነህ። በስልክ አይሁን፤ እየነዳህም አይሁን። ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ከማን ጋር እንደመጣች ግን አትጠይቃት፤ ካንተ ጋር መሆኗን ንገራት።

አላህ መንገድህን ሰላም ያድርገው፤ ቤትህን ይሙላልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

የሱንዱስ እናት