አባባን ይዤ ጭስ ውስጥ የቆምኩበት እሁድ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ኦዴል፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የሺካጎ ብርድ ሳይገባ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብለህ ነበር፤ ሄድክ ወይስ እንደ ልማድህ ዛሬ ነገ እያልክ ነው? ባለቤትህ ኢርሊንስ ደህና ናት? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ለራሴ ደህና ነኝ። ጥጡ ተሰብስቦ እያለቀ ነው፤ አቧራው ግን ልብስ እንኳ አላሰጣ ብሎናል። ይህን ሁሉ የማስቀድመው ዋናውን ነገር ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። የደወልኩልህ ጊዜ ለቅሶ አፍኖኝ፣ አባባ ሆስፒታል ገቡ ከማለት በቀር ምንም አልነገርኩህም። እንዴት እንደሆነ ማወቅ አለብህ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ነበርን። የጠበስኩትን ዓሣ እየበሉ፣ "ዛሬስ ጨው የሚባል ነገር እንዳለ አስታወስሽ" ብለው ሲያሾፉብኝ ሹካው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ሲሉ ክንዳቸው አልታዘዝ አለ። ቀና ሲሉ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ዘመም ብሏል። የከተማችን ሆስፒታል በጸደይ እንደተዘጋ ታውቃለህ። አምቡላንስ ብጠራ፣ ያለው አንዱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሜምፊስ ሄዷል አሉኝ። ራሴ ደግፌ መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸውና ወደ ሜምፊስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ወጣሁ።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ዳገት የለ፣ ጠመዝማዛ የለ፤ ግራና ቀኙ እስከ ሰማይ ጥግ እርሻ ነው። የቻልኩትን ያህል እያበረርኩ ሳለ፣ አባባ "ቨርሊን፣ እኔ በትራክተር ካንቺ እፈጥን ነበር" አሉኝ። ቃሉ እየተንሻፈፈ ቢወጣም ሳቅሁ። መቀለድ ከቻሉማ ደህና ናቸው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሩዝ የታጨደበትን ገለባ እያቃጠሉ ነበር። ነፋሱ ድንገት ዞረና ጭሱ መንገዱ ላይ ተኛበት። የፊተኞቹ መኪኖች የኋላ መብራት ቀላ፤ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆምን። ለካ ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ተጋጭተው መንገዱን ዘግተውታል። ከኋላዬም ወዲያው ሞላ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። አባባ በደህናው እጃቸው ወደ ቀኝ እያሳዩ "በድሮው መንገድ ውጪ" ይሉኛል። የድሮው መንገድ አለ፤ ግን በእኛና በእሱ መካከል ጥልቅ የውሃ ቦይና የሽቦ አጥር ነበር። ነፋሱ ጭሱን ገለጥ ሲያደርገው የሚቀጥለው ከተማ የእህል ጎተራ ወለል ብሎ ይታያል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ በእጄ የምነካው ይመስላል። ያን ጊዜ እንዴት እንደጠላሁት!

ወርጄ በየመኪናው መስኮት እየደበደብኩ "ሐኪም አለ? ነርስ አለ?" ብዬ ጮኽኩ። አንድ ጥጥ የጫነ መኪና የሚነዳ ግዙፍ ነጭ ሰውዬ፣ ኮይ ይባላል፣ አባባን አየና "እህቴ፣ አዝዬ አሻግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ቦዩን ልሞክረው" ብሎ ገባ። ጭቃው እስከ ጭኑ ዋጠው። ሰዎች በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ጫማዎቹ እዚያው ቀሩ። በባዶ እግሩ በመኪናችን በር አጠገብ ቆሞ "አልቻልኩም፣ አልቻልኩም" ይላል። በእግሩ የመጣው የመንገድ ፖሊስ ደግሞ በሬዲዮ ተነጋግሮ፣ ሄሊኮፕተር በዚህ ጭስ ውስጥ ማረፍ አይችልምና ትንሽ ታገሱ አለኝ። ኮሌታውን ይዤ "ና ለእሳቸው ንገራቸው! ትንሽ ይታገሱ በላቸው!" አልኩት። ኮሌታውን አላስለቀቀኝም። ባርኔጣውን አወለቀ።

ተመልሼ ገብቼ እጃቸውን ያዝኩ። "ሞተሩን አጥፊው፣ ቤንዚን አትፍጂ" አሉኝ። ቆይተው "ኦዴል ከእርሻ ገባ?" ብለው ጠየቁኝ። ገብቷል፣ እራቱንም በልቷል አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ድምፅ ብቻ ሆነ። እሳቸውም ቃሉ እንዳልወጣ ያውቃሉ፤ ደግመው ይሞክራሉ፤ ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል። አባባ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ "ገብቶኛል አባባ፣ ገብቶኛል" እላለሁ። አንድም ነገር አልገባኝም።

መንገዱ ተከፍቶ ሜምፊስ ስንደርስ ሐኪሟ፣ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ይሻል ነበር አለችኝ። በሕይወት አሉ። ቀኝ ጎናቸው ግን አይሠራም፣ መናገርም አይችሉም። ሁሉን እንደሚሰሙና እንደሚገባቸው ሐኪሟ አረጋግጣልኛለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ክሰሺ ይሉኛል። ማንን? ገለባ ማቃጠል የተፈቀደ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ የማንም አይደለም። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ በዚያው መንገድ እየነዳሁ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም።

መምጣትህን አንተ ታውቃለህ፤ ጉልበትህን ይዘህ ያን ሁሉ መንገድ ንዳ ብዬ አላስጨንቅህም። ግን እሁድ ከሰዓት ሆስፒታሉ ስልክ ደውል። ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ። እባክህ ምንም ነገር አትጠይቃቸው፤ ሲጠየቁ ሊመልሱ ይታገሉና ያለቅሳሉ። ዝም ብለህ አውራላቸው። ስለ ብርዱም ቢሆን፣ ስለ ጎረቤትም ቢሆን፣ የፈለግከውን።

ኢርሊንን በጣም ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ደርሶ አባባ ለብሰውታል። ዴሎሪስ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለአክስት ፐርሊ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እውነቱን ግን ቀስ ብለህ ንገራት። ትንሹ ዳርነል መዝሙር አጥንቷል ብለኸኝ ነበር፤ እሱንም ስልኩ ላይ አቅርበው። ቢሳሳትም አታርመው፣ እስኪጨርስ ይዘምርላቸው።

እህትህ ቨርሊን

ብላክፊሽ ቤንድ፣ አርካንሳስ
ኦክቶበር 1994 እ.ኤ.አ.