በቀጠሮ መጨነቅ

አንቺዬ፣
«በሩን ቆልፌዋለሁ?» ብለሽ ከመንገድ ተመልሰሽ አታውቂም? እኔ ለሥራ ፈተናው ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ በቀን አምስቴ እመለሳለሁ። ክፍሉን ያከራዩኝ እማማ ደረጃው ላይ መመላለሴ ሰለቻቸው። እናቴ ብትሆን «አትጨነቂ» ትለኝና ይብስብኝ ነበር። እሳቸው ግን «ከአሥር ሰዓት በፊት መጨነቅ ክልክል ነው» ብለው ቀጠሮ ሰጡኝ።

ዛሬ ልክ በአሥር ሰዓት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ሰዓትሽ ደርሷል፤ ነይ ተጨነቂ።»

ሹራባቸውን እየሠሩ ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። ብፈልግ ብፈልግ አንድም ጭንቀት አጣሁ። «እንግዲያው ተራው የኔ ነው» ብለው የጉልበታቸውን ነገር፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ሁሉንም ዘረገፉት። በመጨረሻ አብረን ስንጸልይ፣ ነገ ፈተና ያለብኝ ሴትዮ ስለ ጣሪያው አጥብቄ ለመንኩ።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀ። እነ እትዬን ሳሚልኝ። አሥር ሰዓቴ ባዶ ነውና ያንቺን ጭንቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እጨነቅልሻለሁ።